ጌጠኛ የሸክላ ንጣፍ፦ ከመተማ አፈር እስከ ንድፍ ምዝገባ

የመታጠቢያ ቤትና የማድ ቤት ግድግዳ የሚለብሰው ንጣፍ ብዙ ጊዜ ሥዕል ይኖረዋል። የባሕር ሞገድ፣ ዓሣ፣ ዘንባባ፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት የደሴት ዳርቻ በአገራችን ቤቶች ግድግዳ ላይ እንግዳ አይደሉም። በገበያ ከሚሸጡት የሴራሚክ ንጣፎች ብዙዎቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ሥዕላቸውም የሌላ አገር መልክ ይዞ ይመጣል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን በደጅ የቆመው ባኦባብና የዕጣን ዛፍ፣ በማሳው ላይ የሚያብበው ሰሊጥና ጥጥ ነው። ባሕር በሌለበት አገር ሞገድ መለጠፍ ነውር ባይሆንም፣ የጓንግና የሽንፋ ወንዞች፣ የቋራ በረሃና የአልጣሽ ፓርክ ዱር በንጣፍ ላይ ሊሣሉ እንደሚችሉ ያሰበ ሰው ጥቂት ነው።

የሸክላ ሙያ ያላቸው ሴቶችና ወጣቶች ወደዚህ ሥራ ሲነሡ በቅድሚያ የሚያሳስባቸው አፈሩና እሳቱ ነው። በኋላ የሚያስቆጫቸው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የደከሙበት ንድፍ በሌላ ሰው እጅ ተባዝቶ፣ በርካሽ ዋጋ ተሽጦ ማግኘት። ለአፈሩና ለእሳቱ መፍትሔው የሚገኘው በሙከራ ነው። ለንድፉ መፍትሔው የሚገኘው በሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው።

አፈሩና እሳቱ

በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው ሜዳ ላይ በሰፊው የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው ነው። ዋልካ ለሰሊጥና ለማሽላ የሚስማማ ቢሆንም ብቻውን ለንጣፍ የሚሆን አይደለም። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በማሳ ላይ የሚታየው ይህ ጠባይ በአንዲት ስስ ንጣፍ ላይም ይደገማል። በተጨማሪም በእንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ ትናንሽ ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ይገኛሉ። እነዚህ ሳይለቀሙ ወይም ሳይነፉ ከቀሩ በእሳት ተቃጥለው ይቆዩና፣ ንጣፉ ከተተኮሰ ከቀናት በኋላ ከአየር እርጥበት ሲያገኙ አብጠው ገጹን ቆርሰው ይወጣሉ። ገዢው ግድግዳው ላይ ካስለጠፈ በኋላ የሚደርስ ጉድለት በመሆኑ የሠሪውን ስም የሚያጠፋው ይኸው ነው።

ስለዚህ ከወንዝ ዳር ወይም ከኮረብታ ግርጌ የሚገኘውን ቀይና ቡናማ ሸክላ አፈር መፈለግ፣ በውኃ አቅልጦ በወንፊት ማጥለልና ከተፈጨ ገል ጋር መደባለቅ ያስፈልጋል። ገል ማለት የተሰበረ፣ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ሸክላ ሲሆን፣ ነባር ሸክላ ሠሪዎች ከጭቃው ጋር የሚቀላቅሉት ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜ እንዳይሸበሸብና እንዳይሰነጠቅ ነው። የእንስራና የጀበና ሠሪ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ለንጣፍ ሲሆን የገሉ መጠን ከፍ ማለት አለበት፤ ክብ ዕቃ ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰበሰባል፣ ጠፍጣፋ ነገር ግን ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ወደ ላይ ይጎብጣል። በየካቲትና በመጋቢት የሚነፍሰው የቆላው ደረቅ ሙቀት ይህን ያባብሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ንጣፎቹን በጥላ ውስጥ፣ በሁለት ጣውላዎች መካከል አድርጎ፣ በየዕለቱ እያገላበጡ በዝግታ ማድረቅ ይገባል። ሸክላ ከእርጥብነቱ ጀምሮ ተተኩሶ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ሊሰበሰብ ስለሚችል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ የሚፈልግ ሰው ቅርጽ ማውጫውን ከዚያ አስፍቶ ማሠራት ይኖርበታል።

እሳቱን በተመለከተ፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኮስ ሸክላ እንደ ሁኔታው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያገኛል። ይህ ለግድግዳ ጌጥ ሊበቃ ይችላል፤ ለወለል ግን አይበቃም። ውኃ እንዳያስገባ መስተዋታማ ቅብ የሚደረግለት ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሙቀትና የተዘጋ ምድጃ ይፈልጋል። ምድጃው ሲበርድ በተለይ በ573 ዲግሪ አካባቢ መቸኮል የለበትም፤ በጭቃው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት በዚያ የሙቀት መጠን ላይ በድንገት መጠኑን ስለሚቀንስ፣ ምድጃውን ቀድሞ የከፈተ ሰው ክር በመሰለ ስንጥቅ የተሞላ ሥራ ያገኛል። ቅብ በሚመረጥበት ጊዜ እርሳስ ያለበትን መጠቀም በሠሪዋም ሆነ በቤተሰቧ ጤና ላይ አደጋ ያስከትላል። በጎንደር አካባቢ ነባሩ ዘዴ፣ ማለትም ገጹን በለስላሳ ድንጋይ አሽቶ ማውዛትና በጢስ ማጥቆር፣ ለግድግዳ ጌጥ ምንም መርዝ የሌለበት አማራጭ ነው።

ማገዶ ሌላው ፈተና ነው። የቆላው ዱር የዕጣንና የሙጫ ምንጭ ሲሆን፣ የዕጣን ዛፍ በብዙ ቦታ በአዲስ ችግኝ ሳይተካ እያረጀ መሆኑ የደን ባለሙያዎችን ሲያሳስብ ቆይቷል። ለጌጥ የሚሆን ንጣፍ ለመተኮስ ይህን ዛፍ ማንደድ ከአንድ ኪስ አውጥቶ በቀዳዳው ሌላ ኪስ ውስጥ መጨመር ነው። ከምርት ስብሰባ በኋላ በማሳ ላይ የሚቀረው የጥጥና የሰሊጥ አገዳ ቢያንስ ለእሳቱ መጀመሪያ፣ ሸክላው ቀስ ብሎ መሞቅ ባለበት ሰዓት ሊያገለግል ይችላል።

ያለ እሳት የሚሠራ ንጣፍ

እሳት ጨርሶ የማይነካው ጌጠኛ ንጣፍም አለ። በካሪቢያን ባሕር በሚገኙት በኩባና በፖርቶ ሪኮ ደሴቶች፣ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የብዙ ቤቶችን ወለል ያስጌጠው ከሲሚንቶ የሚሠራው ባለ ቀለም ንጣፍ ነው። ሙያው ከስፔን የመጣ ቢሆንም በደሴቶቹ የራሱን መልክ ይዟል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በአንድ የብረት ቅርጽ ውስጥ ከቆርቆሮ የተሠራ የመስመር መለያ ይቀመጣል። ከነጭ ሲሚንቶ፣ ከእብነ በረድ ዱቄትና ከማዕድን ቀለም የተበጠበጠው ፈሳሽ በየክፍሉ ይፈስሳል። መለያው ተነሥቶ በላዩ ደረቅ ሲሚንቶና አሸዋ ይጨመርና በመጫኛ ማሽን በኃይል ይጨመቃል። የወጣው ንጣፍ ወደ ምድጃ አይገባም፤ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ በውኃ ውስጥና በእርጥበት ይቆያል።

ከኩባ ደሴቶች አንዷ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የምታውቀው ምድር ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት የተላኩት የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው፣ በእብነ በረድና በሸክላ አፈር ወደምትታወቀው ደሴት ነበር። ከዚያ የተመለሱት ዛሬ አዋቂዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ስለ ደሴቷ ቤቶች ወለል የተጨዋወተ ሰው የንጣፍ ሥዕል በሰው ትዝታ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ይረዳል።

ለመተማ ይህ ዘዴ የሚስበው ማገዶ ስለማይፈልግ ነው። የሚያስቸግረውም በዚያው ልክ ግልጽ ነው፤ ሲሚንቶው ከሩቅ ይመጣል፣ ነጭ ሲሚንቶና የማዕድን ቀለም ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይወደዳሉ። በቆላው ሙቀት ንጣፉ እርጥበቱን ቶሎ ካጣ ጥንካሬ ስለማያገኝ፣ ጥላና በቂ ውኃ ያለው ማቆያ ገንዳ ሳያዘጋጁ መጀመር ኪሳራ ነው።

ከወለቃ የሚገኝ ትምህርት

በጎንደር አካባቢ የሸክላ ጥበብ ሲነሣ ወለቃ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች መንደር የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የኖረባት ስትሆን፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ በአንጥረኝነት ይታወቁ ነበር። ሙያው ለአካባቢው ሕዝብ እንስራውንም ማረሻውንም ሲያቀርብ፣ ባለሙያዎቹ ግን በንቀትና በጎጂ አጉል እምነት ተገልለው ኖረዋል። ጎብኚዎች መምጣት ሲጀምሩ ሴቶቹ ከቤት ዕቃ አልፈው ትናንሽ ጌጠኛ ምስሎችን መሥራት ያዙ። አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በጥቁርና በቀይ ሸክላ ተቀርጸው በየመንገዱ ዳር ለሽያጭ ቀረቡ።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ፈለሰ። ከፈላሾቹ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን የተጓዙት በምዕራቡ ቆላ በኩል፣ የመተማን ምድር እያቋረጡ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ ተብሎ በሚታወቀው ጉዞ ከሱዳን ተወስደዋል። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተወሰዱት ተከተሉ። ባለሙያዎቹ ሄዱ፣ ምስሎቹ ግን ቀሩ። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር የሚሸጡትን ምስሎች የሚሠሩት በአብዛኛው ሌሎች የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ማንንም የሚወቅስ ነገር የለም። ጥበቡ ባይያዝ ኖሮ ይጠፋ ነበር። ይሁን እንጂ ያንን የመጀመሪያ አንበሳ የቀረጸችው ሴት ማን እንደሆነች የሚገልጽ መዝገብ የለም፤ ቅርጹን የፈጠረችበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀትም፣ ከሽያጩ ድርሻ የምትጠይቅበት መንገድም አልነበራትም። በሸክላ ጥበብ ውስጥ ስም ይዞ የቀረ ሰው ብርቅ ነው። በአሜሪካ አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሴራሚክ ጥበብ ተምረው በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ያገለገሉት ማሞ ተሰማ ከጥቂቶቹ አንዱ ናቸው። ከእርሳቸው በቀር አብዛኛው የኢትዮጵያ ሸክላ የሠሪ ስም የሌለበት ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ጥበቃ ይሰጣል። «ኢንዱስትሪያዊ» የሚለው ቃል የፋብሪካ ሥራ ብቻ ያስመስለዋል፤ አዋጁ ግን የእጅ ጥበብ ውጤቶችንም በግልጽ ያካትታል። የመስመሮች ወይም የቀለማት ቅንብር፣ ወይም ማንኛውም ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት ያለው ቅርጽ፣ ለአንድ የኢንዱስትሪ ወይም የእጅ ጥበብ ውጤት ልዩ መልክ የሚሰጥ ከሆነና ለተመሳሳይ ምርት ሞዴል ሆኖ ሊያገለግል የሚችል ከሆነ ንድፍ ነው። በቤቷ ጓሮ በፎርማ ንጣፍ የምታወጣ ሸክላ ሠሪ በዚህ ትርጉም ውስጥ ትገባለች።

ንድፉ ሊመዘገብ የሚችለው አዲስ ሲሆንና በተደጋጋሚ ለማምረት የሚያገለግል ሲሆን ነው። አዲስነቱ የሚለካው መለያ ባሕርያቱ በጠቅላላ ተይዘው ነው። የዕጣን ዛፍን ወይም ባኦባብን ማንም ሰው የግሉ ሊያደርግ አይችልም፤ የመስቀል ሐረግም ሆነ ከጥንት የሚታወቅ የሹሩባ ጌጥ እንዲሁ። የወለቃ ዓይነት የታወቀ አንበሳም ዛሬ በአንድ ሰው ስም ሊመዘገብ የሚችል አይደለም። ሆኖም አንዲት ባለሙያ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠውን የዕጣን ዛፍ ግንድ ከሰሊጥ ቆባ ረድፍ ጋር አዋሕዳ፣ አራት ንጣፎች ሲገጣጠሙ ብቻ ሙሉ የሚሆን ሥዕል ብታወጣ ቅንብሩ የእርሷ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበትን የመተማ ጦርነት የሚያስታውስ ንጣፍ የሚሠራ ሰውም ታሪኩን ሳይሆን የራሱን አሣሣል ያስመዘግባል።

ለደሴቱ ሥዕልም መልሱ ይኸው ነው። ከካሪቢያን ቀለማት መንፈስ ወስዶ የራስን ሥራ መሥራት ይቻላል። በገበያ ከተገዛ ካርቶን ውስጥ የወጣውን ንጣፍ በፎርማ ገልብጦ ማስመዝገብ ግን አይቻልም፤ አዲስ አይደለምና፣ ባለመብት ካለውም በክስ ያስጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጊዜው ላይ ነው። ንድፉ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ለሕዝብ ከተገለጠ፣ ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። ለሽያጭ ማቅረብ፣ በባዛር ማሳየትና ፎቶግራፉን በማኅበራዊ መገናኛ መለጠፍ ንድፉን ለሕዝብ የሚገልጡ ተግባራት ናቸው። ለምሳሌ አንዲት ባለሙያ አዲስ ንጣፏን ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በኤግዚቢሽን ብታሳይ፣ ማመልከቻዋን ሳታቀርብ የ2018 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ካለፈ ዕድሉ ያመልጣታል። ዝናብ መንገዱን ያበላሸው፣ ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ደርሶ ሥራ የበዛባት መሆኑ ጊዜውን አያራዝመውም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው ከመተማ 900 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ለቆላው ነዋሪ አንድ ዓመት ረጅም ጊዜ አይደለም። ብልሃቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ መጀመሪያ ማመልከት፣ ከዚያ ማሳየት።

የተመዘገበ ንድፍ ጥበቃ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመት ይጸናል። ባለመብቱ ሲጠይቅ ለተጨማሪ ሁለት ጊዜ፣ በየአምስት ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ንድፉን ለንግድ ዓላማ መሥራት፣ መሸጥም ሆነ ወደ አገር ውስጥ ማስገባት አይችልም። የመጨረሻው ለድንበር ነዋሪ ልብ የሚባል ነው። ንድፉ በውጭ አገር ፋብሪካ ተባዝቶ በመተማ በኩል ቢገባ ባለመብቷ በፍርድ ቤት ልታስቆመው ትችላለች። ሆኖም ምዝገባው የሚሠራው በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ በገላባት ገበያ የሚሸጥን ቅጂ የሚገዛው የሱዳን ሕግ እንጂ የኢትዮጵያ ምስክር ወረቀት አይደለም።

ከምዝገባው ጎን ለጎን ሌላም መብት አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና መሰል የጥበብ ሥራ ተሠርቶ ግዙፍነት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ፣ ያለ ምዝገባም ቢሆን ይጠበቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በሠሪው የሕይወት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ በወረቀት ላይ የተነደፈው የመጀመሪያ ሥዕል ከንጣፉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ሀብት ሊሆን ይችላል። ችግሩ በክርክር ጊዜ ማን ቀድሞ እንደሣለው ማስረዳቱ ላይ ነው። ሥዕሉን ከነቀኑና ከፊርማው ጋር በደብተር ማስቀመጥ፣ የሙከራ ንጣፎችን አለመጣል፣ ሥራው ሲከናወን ፎቶግራፍ ማንሣት ወጪ የሌላቸው ማስረጃዎች ናቸው።

ማመልከቻ ለማቅረብ

አመልካች የምዝገባ ጥያቄውን በቅጽ ሞልቶ፣ የንድፉን ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ፣ ንድፉ ለምን ዓይነት ምርት እንደሚውል ከሚገልጽ ማብራሪያ ጋር ለባለሥልጣኑ ያቀርባል። የንጣፉን ናሙና ማያያዝም ይቻላል። ሥዕሉ በሁሉም አቅጣጫ የሚታየውን መልክ ማሳየት አለበት፤ አራት ንጣፎች ተጋጥመው አንድ ሥዕል የሚያወጡ ከሆነ የተነጠለውም የተጋጠመውም አብሮ መቅረብ ይኖርበታል። አመልካቹ ራሱ ንድፉን ያወጣው ሰው ካልሆነ መብቱን እንዴት እንዳገኘ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይጠየቃል።

በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ሰዎች ከማመልከታቸው በፊት ንድፉ በማን ስም እንደሚመዘገብ በጽሑፍ ቢስማሙ ይመረጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በጋራ ያወጡት ንድፍ የጋራ ንብረታቸው ነው። በቅጥር ላይ ያለ ሠራተኛ በሥራ ውሉ መሠረት ያወጣው ንድፍ ደግሞ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ይሆናል። በአንድ ወርክሾፕ ተቀጥራ ለዓመታት ንድፍ ስታወጣ የቆየች ባለሙያ ስትለቅ ሥዕሎቿን ይዛ መውጣት አለመቻሏን የምታውቀው ብዙ ጊዜ ከለቀቀች በኋላ ነው፤ ውሉን ከመፈረሟ በፊት ማንበቧ ይህን ያስቀራል።

ሲሚንቶም ሆነ ሸክላ ተጠቅሞ ንጣፉን ለገበያ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ማውጣት የሚጠበቅበት ሲሆን፣ የገንዳ ውኃ፣ የመተማ ዮሐንስና የሌሎች ከተሞች ነዋሪዎች ለዚህ አገልግሎት የየአካባቢያቸውን የንግድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። የንግድ ፈቃድ ንድፍን አይጠብቅም፤ የንድፍ ምስክር ወረቀትም ለመነገድ አያስችልም። አንዱን ይዘው ሌላውን ያወጡ የሚመስላቸው አመልካቾች ስላሉ ሁለቱ ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው።

የአምስት ዓመቱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የማደሻ ጥያቄ የሚያቀርበው ባለመብቱ ራሱ ነው። ያልታደሰ ንድፍ፣ እንዲሁም 15 ዓመቱን የጨረሰ ንድፍ፣ በአዋጁ የሚያገኘው ጥበቃ ያበቃና ማንም ሊሠራበት ይችላል።